በሕግ ቀዳዳ ከግብር ማምለጥ፤ የተፈቀደ ነውን? የተገባስ ነውን?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግርና የክርክር ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)





ስለ ግብር ለመናገር በፊታችሁ ስቆም፣ «ገና ደመወዝ ያልቀመሰ ተማሪ ስለ ግብር ምን ያውቃል?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ፊት ላይ ይነበባል። እውነታችሁን ነው። እኔ እስከ ዛሬ ለመንግሥት የከፈልሁት ግብር ቢኖር፣ በሳሙናና በለስላሳ መጠጥ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ የወጣው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው ሳይሆን፣ ከዘመድ ቤት የመጣ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ስለ ነሣኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ሱቅና የእህል ወፍጮ ያለው አጎት አለኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የልብሴን፣ የደብተሬንና የቤት ኪራዬን ይከፍልልኝ የነበረ እርሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቆ፣ «ልጄ፣ አንተ አሁን ሕግ ታነባለህ፤ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍል ነበር። የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ «ደረጃ ሐ» ተብሎ፣ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሳይኖርበት በቁርጥ ይከፍል ነበር። ከዚያ በላይ እስከ 1,000,000 ብር ድረስ የሚሸጠው «ደረጃ ለ»፣ 1,000,000 ብርና ከዚያም በላይ የሚሸጠው «ደረጃ ሀ» ይባል ነበር፤ እነዚህም መዝገብ መያዝ ነበረባቸው። የአጎቴ ሱቅና ወፍጮ አንድ ላይ ሲደመሩ ከ500,000 ብር ያልፋሉ፤ ተለያይተው ሲቈጠሩ ግን ሁለቱም ከመስመሩ በታች ናቸው። ስለዚህ ለወፍጮው በእኔ ስም የንግድ ፈቃድ ለማውጣት አስቧል። ሥራው የእርሱ፣ ትርፉም የእርሱ፣ ስሙ ብቻ የእኔ ሊሆን ነው።

«ሰው ለእኅቱ ልጅ ወፍጮ ቢሰጥ ሕግ ይከለክላልን?» ሲል ጠየቀኝ። «አይከለክልም» አልሁት። «እንግዲያስ ምን ነውር አለበት?» አለኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ። የዛሬው ንግግሬ ያን ያጣሁትን መልስ ለመፈለግ ነው።

ክርክሩ እንዳይደናገር አስቀድመን ሦስት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ግብርን መሰወር ነው። ሁለት ዓይነት መዝገብ መያዝ፣ ያለ ደረሰኝ መሸጥ፣ ያልተገዛውን ዕቃ ተገዛ ብሎ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ከዚህ ይቈጠራል። ይህ ሕግን መጣስ ስለሆነ ዛሬ ማታ የሚያከራክረን አይመስለኝም። ሁለተኛው ሕግ አውጪው አስቦ የከፈተውን በር መጠቀም ነው። መንግሥት ፋብሪካ እንዲስፋፋ ፈልጎ፣ «ፋብሪካ የሚያቋቁም ሰው ለተወሰኑ ዓመታት ግብር አይከፍልም» ቢልና አንድ ሰው በእርግጥ ፋብሪካውን ቢያቆም፣ ይህ ሰው የተጋበዘበት ማዕድ ላይ ተቀመጠ እንጂ ከማንም አላመለጠም። ሦስተኛው ግን ሕግ አውጪው ሳያስበው፣ በቃልና በቃል መካከል በቀረች ክፍተት ሾልኮ መውጣት ነው። የሕግ ቀዳዳ የምንለው ይህን ነው። በር ሰው እንዲገባበት ይሠራል፤ ቀዳዳ ግን ማንም ሳይሠራው ይገኛል። በሁለቱም መውጣት ይቻላል፤ ልዩነታቸው ግን ቤቱን ለሠራው ሰው የታወቀ ነው።

ስለዚህ ነገር በታሪክ ከሚነገሩት ሁሉ ለመረዳት የሚቀለው የእንግሊዝ አገር የመስኮት ግብር ታሪክ ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1696 የእንግሊዝ መንግሥት የሰውን ገቢ ለመመርመር ስላልቻለ፣ የሀብት ምልክት ነው ብሎ የቤቱን መስኮት ለመቍጠር ወሰነ። መስኮታቸው ከዐሥር የማይበልጥ ቤቶች ዝቅተኛውን ግብር ብቻ ሲከፍሉ፣ ከዐሥር በላይ የሆኑት ተጨማሪ ይከፍሉ ነበር። በ1766 ደግሞ መስመሩ ዝቅ ብሎ ሰባት መስኮት ያለው ቤት ሁሉ በተጨማሪው ግብር ውስጥ ገባ። ሕዝቡ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነ። አዲስ ቤት የሚሠራም ሰው ስድስት መስኮት ብቻ አውጥቶ ሠራ። ዛሬም በእንግሊዝ አገር በጡብ የተደፈኑ አሮጌ መስኮቶች ይታያሉ።

እዚህ ላይ ማን አጠፋ? መስኮትን መድፈን ወንጀል አይደለም። ሰውየው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጡቡ ደፈነ። በራሱ ቤት ደፍኖ በጨለማ የተቀመጠውን እኔም አልፈርድበትም፤ ዋጋውን የከፈለው ራሱ ነውና። ነገር ግን በከተማ ብዙ ድኾች ተጨናንቀው የሚኖሩባቸው የኪራይ ቤቶች ነበሩ። በእነዚህ ቤቶች ግብሩን የሚከፍለው ባለቤቱ ሲሆን፣ ባለቤቱ መስኮቱን በደፈነ ጊዜ ብርሃንና አየር ያጣው ተከራዩ ነበር። ሐኪሞች ይህ ጨለማና እፍግታ በሽታ ያመጣል ብለው ብዙ ጊዜ ከጮኹ በኋላ ግብሩ በ1851 ተሻረ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቀዳዳው ሕጋዊ መሆኑን ከመጠየቃችን ጋር፣ «የቀረው ግብር በማን ላይ ወደቀ? ብርሃን ያጣውስ ማን ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ዳኞች እንሂድ። በ1935 በአራት ወራት ልዩነት ሁለት ታላላቅ ፍርድ ቤቶች፣ አንዱ በዋሽንግተን፣ ሌላው በለንደን፣ በዚሁ ጥያቄ ላይ ፈርደዋል፤ የፈረዱትም ተቃራኒ ነው።

የዋሽንግተኑ ነገር የወይዘሮ ግሪጎሪ ጉዳይ ነው። እኚህ ሴት የአንድ ኩባንያ ብቸኛ ባለቤት ሲሆኑ፣ ኩባንያቸው የሌላ ድርጅት 1,000 አክሲዮኖች ነበሩት። እነዚህን አክሲዮኖች እንደ ትርፍ ድርሻ አድርገው ቢወስዱ ከባድ ግብር ይጠብቃቸዋል። ሕጉ ግን ኩባንያዎች ሲደራጁና ሲዋሐዱ የሚተላለፈውን ሀብት ከዚህ ግብር ነጻ ያደርግ ነበር። ስለዚህ በመስከረም ወር 1928 አንድ አዲስ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በሦስተኛው ቀን አክሲዮኖቹን አዛወሩለት፤ በስድስተኛው ቀን ኩባንያውን አፈረሱት፤ አክሲዮኖቹም በእጃቸው ገቡ። ኩባንያው በስድስት ቀን ዕድሜው አንዲት መርፌ እንኳ አልገዛም፣ አልሸጠም። የይግባኙ ዳኛ ለርንድ ሃንድ በ1934 ሲፈርዱ፣ ማንም ሰው ግብሩ እንዲያንስለት ጉዳዩን ማሰናዳት እንደሚችልና ግብርን ለማብዛት አገር ወዳድነት እንደማያስገድደው አምነው ተቀበሉ። ሆኖም ይህ ኩባንያ ሕጉ «መደራጀት» ሲል ያሰበው ነገር አይደለም ብለው በወይዘሮዋ ላይ ፈረዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በጥር 1935 አጸናው።

የለንደኑ ጉዳይ ደግሞ የዌስትሚንስተር መስፍን ነው። በጊዜው በነበረው የእንግሊዝ ሕግ አንድ ሀብታም ለቤት አገልጋዩ የሚከፍለው ደመወዝ ከገቢው ላይ አይቀነስለትም ነበር። ነገር ግን በውል ግዴታ ገብቶ ለሌላ ሰው በየዓመቱ የሚሰጠው ገንዘብ በሀብታሞች ላይ ከሚጣለው ተጨማሪ ግብር ስሌት ይቀነስለት ነበር። መስፍኑ በሳምንት 3 ፓውንድ ያገኝ ለነበረው አትክልተኛቸው፣ ስላለፈው ታማኝ አገልግሎቱ በሚል በሳምንት 1 ፓውንድ ከ18 ሽልንግ ለሰባት ዓመት ለመክፈል በሰነድ ግዴታ ገቡ። በሌላ ደብዳቤ ደግሞ፣ ከዚህ ሌላ ሙሉ ደመወዝ ይጠይቃል ብለው እንደማይጠብቁ፣ ወደ ፊት የሚሰጠው ጕድለቱን የሚሞላው ብቻ እንደሆነ ገለጹለት። አትክልተኛው ያንኑ አትክልት ይኰተኵታል፤ ያንኑ ገንዘብ ይቀበላል። የተለወጠው የወረቀቱ ስም ብቻ ነበር። የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች በግንቦት 1935 አራት ለአንድ ሆነው ለመስፍኑ ፈረዱላቸው። ከአራቱ አንዱ ሎርድ ቶምሊን፣ ሰው ሁሉ ከቻለ ግብሩ እንዲያንስ ጉዳዩን የማሰናዳት መብት አለው፤ ብልሃቱ ግብር ሰብሳቢዎቹንና ሌሎቹን ግብር ከፋዮች ባያስደስትም ከዚያ በላይ እንዲከፍል አይገደድም የሚል ሐሳብ ሰጡ። ያልተስማሙት ሎርድ አትኪን ብቻ ነበሩ።

ሁለቱን ፍርዶች ጐን ለጐን ስናስቀምጣቸው በመሠረቱ ላይ እንደሚስማሙ እናያለን። ሁለቱም ሰው ግብሩን ለማሳነስ መብት አለው ይላሉ። የተለያዩት፣ ዳኛ ወረቀቱን ብቻ ያንብብ ወይስ ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ሥራ ይመልከት በሚለው ነው። ለለንደን ዳኞች ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ የመስፍኑ ሰነድ ፍጹም ባዶ አልነበረም፤ አትክልተኛው ሥራውን ቢተው እንኳ ለሰባት ዓመት ገንዘቡን በሕግ መጠየቅ ይችል ነበር። የወይዘሮ ግሪጎሪ የስድስት ቀን ኩባንያ ግን ማንንም በምንም አላስገደደም። እንግሊዞችም ቢሆኑ ከጊዜ በኋላ ሐሳባቸውን አሻሽለዋል። በ1981 በራምሴ ጉዳይ፣ አስቀድሞ የተሸረበን ተከታታይ ሥራ አንድ በአንድ ብቻ ሳይሆን በአንድነት መመልከት ይገባል ብለው ፈረዱ፤ በ2013 ደግሞ ፓርላማው ግብርን በተንኰል ስለ መሸሽ ጠቅላላ ድንጋጌ አወጣ። በእኛም አገር የ2008ቱ አዋጅ፣ ግብር ለማስቀረት ተብሎ የተሸረበን ዕቅድ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እንዳልተደረገ ሊቈጥረው እንዲችል የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው።

እስካሁን የነገርኋችሁ የሕጉን ነው። አሁን ደግሞ በቀዳዳ መጠቀምን የሚደግፉትን ሰዎች ክርክር በታማኝነት ላቅርብ፤ ደካማ አድርጎ አቅርቦ ማሸነፍ ለተማሪ አያስመሰግንምና።

እነርሱ የሚሉት እንዲህ ነው። ግብር በሕግ ካልሆነ በቀር ዝርፊያ ነው። ዜጋ መክፈል የሚገባው ሕጉ የጻፈውን ነው፤ ከዚያ ያለፈውን «በሕጉ መንፈስ መሠረት ክፈል» ከተባለ መንፈሱን የሚተረጕመው ማን ነው? ያው ገንዘቡን የሚፈልገው ሹም ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል በነበረበት አገር ዜጋን ከሹም ፈቃድ የሚጠብቀው የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የዕለት ገቢ ግምት ከፍ ብሎ በወጣ ጊዜ፣ በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት የደረሱት ሰዎች በግምት መተዳደርን ስለሚፈሩ ነው። ግምትን የሚፈራ ሰው መንፈስንም ይፈራል።

ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ እኔም ግማሹን እቀበለዋለሁ። በሕግ ያልተጻፈ ነገር ስላደረገ ብቻ ሰው ሊቀጣ አይገባም። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «ስለማልቀጣበት ነውር የለበትም» ማለት የማይገናኝ ነገር ማገናኘት ነው። ወዳጁን በችግሩ ቀን የከዳ ሰው ዳኛ አይቀጣውም፤ ነገር ግን ማን ያመሰግነዋል? ሕግ የሥነ ምግባር ወለል ነው እንጂ ጣራው አይደለም። አባቶቻችን በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ የሚቆሙት፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክላቸው አስበው አልነበረም። ሕግ በሰዎች መካከል የተደረገ መተማመን መሆኑን ስለሚያውቁ ነበር።

መተማመኑ በቀዳዳ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ፣ ቀድሞ በእህል ይሰበሰብ የነበረው አሥራት በተወሰነ ገንዘብ እንዲከፈል ተደረገ። መሬቱም ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተመደበ፤ በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች የለም መሬት አሥራት በጋሻ 35 ብር፣ የለም-ጠፍ 30 ብር፣ የጠፍ 10 ብር ነበር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር እንደሚጠጋ አስታውሱ። አሁን ቀዳዳውን ተመልከቱ። ባለመሬቱ ለመንግሥት የሚከፍለው ቁርጥ ገንዘብ ነው፤ ከጭሰኛው የሚቀበለው ግን እንደ ድሮው ከዐሥር አንድ እጅ እህል ነበር። የእህል ዋጋ ሲጨምር፣ የመሬቱም ምርት ሲያድግ፣ ልዩነቱ በባለመሬቱ ጎተራ ይቀራል። ለመንግሥት ግብር ከፋይ የሚባለው ባለመሬቱ ነው፤ ከፋዩ ግን ጭሰኛው ነው። እንደ ቅኔ ሰሙን ለግምጃ ቤት ሰጥቶ ወርቁን ለራሱ ማስቀረት ይህ ነው።

ይህ አሠራር ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በ1960 ዓ.ም. ባለመሬቶች በበዙበት ፓርላማ ከብዙ ክርክር በኋላ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ አሥራት ሲቀር፣ ሐሳቡ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል የሚል ነበር። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ባለመሬቱ ከጭሰኛው አሥራቱን መቀበሉን አልተወም። በጎጃም ደግሞ ርስተኛው ገበሬ፣ አዲሱ ግብር መሬቴን ለመለካትና ርስቴን ለመንጠቅ የመጣ ነው ብሎ ጠርጥሮ በመሣሪያ እስከ መቃወም ደረሰ። ሕዝብ በግብር ሕግ ጀርባ ሁልጊዜ ሌላ ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ከለመደ፣ መልካም ሐሳብ ያለውም ሕግ ተቀባይ ያጣል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ተማሪዎችም በዚሁ ጭሰኛ ስም ነበር የጮኹት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ለመሆኑ በቀዳዳ ሊጠቀም የሚችለው ማን ነው? አስተማሪው አይችልም፤ ግብሩ ደመወዙን በእጁ ሳይዝ ተቀንሶ ይቀርበታል። የቀን ሠራተኛዋም አትችልም፤ ግብሯ በዘይቱና በሳሙናው ዋጋ ውስጥ ገብቷል። ቀዳዳውን ለማየት ጠበቃና ሒሳብ ዐዋቂ መቅጠር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚችለው ደግሞ አስቀድሞ ያለው ነው። በአሜሪካ በጥር 1969 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆሴፍ ባር ለምክር ቤት ሲመሰክሩ፣ በ1967 ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ የነበራቸው 155 ሰዎች ለፌዴራል መንግሥት ምንም የገቢ ግብር እንዳልከፈሉ፣ ከእነዚህም 21ዱ ገቢያቸው ከ1,000,000 ዶላር በላይ እንደነበረ ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት በሕግ የተፈቀደላቸውን ነበር። ሕዝቡ ግን ተቈጣ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ሀብታሞች ቢያንስ አነስተኛ ግብር እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ አወጣ።

በዘመናችን ደግሞ ቀዳዳው የአገሮችን ወሰን አልፏል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 ባወጣው ውሳኔ፣ አየርላንድ በ1991 እና በ2007 ለአፕል ኩባንያ በሰጠችው የግብር አወሳሰን ምክንያት ኩባንያው በአውሮፓ ካገኘው ትርፍ ላይ በ2014 የከፈለው ግብር ከመቶ 0.005 ብቻ እንደነበረ፣ ይኸውም ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ ትርፍ 50 ዩሮ ማለት እንደሆነ ገልጾ፣ እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመልስ አዘዘ። የሚያስደንቀው፣ ገንዘቡ የሚመለስላት አየርላንድ ራሷ አልቀበልም ብላ ተከራከረች። በ2020 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ በመስከረም 2024 ግን የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ለኮሚሽኑ ፈረደ። እንግዲህ ለብዙ ዓመታት «ሕጋዊ ነው» ሲባል የኖረው ነገር በመጨረሻ ሕገ ወጥ ድጎማ ተባለ። ሕጋዊነት እንኳ ዳኛው እስኪናገር ድረስ የታወቀ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አፍሪካስ? በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ የተመራው ከፍተኛ ቡድን በ2015 ባቀረበው ሪፖርት፣ ከአፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ የሚወጣው ገንዘብ በዓመት ከ50 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ገምቷል። የወንጀለኞችና የጉቦ ገንዘብ በዚህ ውስጥ አለበት፤ ከፍተኛው ድርሻ ግን የንግድ ነው፤ ይኸውም ዕቃን ለእኅት ኩባንያ በርካሽ ሸጦ ትርፉን ግብር በሌለበት አገር የማስቀመጥ ብልሃት ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በዚችው በአዲስ አበባ ከተማ በተደረገው የልማት ገንዘብ ጉባኤ፣ ታዳጊ አገሮች የግብር ደንብ በተባበሩት መንግሥታት ሥር አገሮች ሁሉ በእኩልነት በሚቀመጡበት ሸንጎ ይወሰን ብለው ጠየቁ፤ አልተሳካላቸውም። ሆኖም በኅዳር 2023 የአፍሪካ አገሮች ያቀረቡት ይኸው ሐሳብ በጠቅላላው ጉባኤ ሁለተኛ ኮሚቴ በ125 ድምፅ ድጋፍና በ48 ተቃውሞ አለፈ። ቀዳዳ የሚደፈነው በለቅሶ ሳይሆን በትዕግሥትና በሥራ መሆኑን ይህ ያሳያል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አይቶ፣ «የመንግሥት ገንዘብ በየሹሙ ኪስ በሚገባበት አገር ግብር መሸሽ ምን ኀጢአት አለው? “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት የማን ነው?» አለኝ። ተረቱ የእኛው ነው፤ ልናፍርበት የሚገባም ነው። ነገር ግን ግብርን በቀዳዳ መሸሽ ለዚህ በደል መልስ አይሆንም። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ባርነትንና በሜክሲኮ ላይ የተደረገውን ጦርነት በመቃወም ግብር አልከፍልም ብሎ፣ በ1846 አንዲት ሌሊት በእስር ቤት አደረ። እርሱ ያደረገውን በአደባባይ አድርጎ ቅጣቱን ተቀበለ። በቀዳዳ የሚሾልከው ሰው ግን ተቃውሞውን ለማንም አይነግርም፤ ሹሙንም አይጠይቅም፤ እንዲያውም ሹሙ ዝም እንዲለው እርሱም ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ሹሙ መብላት ሊናገር አፉ አይከፈትለትም። ግብሩን የከፈለ ሰው ግን «ገንዘቤ የት ደረሰ?» ብሎ ለመጠየቅ ቀና ብሎ ይቆማል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሕጉ ወገን፣ ቅጣት ወደ ኋላ ተመልሶ መጣል የለበትም፤ ቀዳዳው ሲታይ ምክር ቤቱ በይፋ ተከራክሮ ለወደ ፊቱ ይድፈነው። ጠቅላላው ድንጋጌ ሲሠራበትም የመጨረሻው ቃል የግብር ሰብሳቢው ሳይሆን የነጻ ዳኛ ይሁን። ከዚህም ጋር ሕጉ አጭርና ግልጽ ይሁን፤ የበዛ ስፌት ባለበት ጨርቅ ላይ ቀዳዳ ይበዛልና።

ከግለሰቡ ወገን ደግሞ ለራሴ ሦስት ጥያቄዎች አዘጋጅቻለሁ። አንደኛ፣ ይህ ነገር በእርግጥ አለ ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ ነው? ሁለተኛ፣ ያደረግሁትን በሙሉ ለግብር ሹሙ ፊት ለፊት ለመንገር እደፍራለሁን? ሦስተኛ፣ እኔ ያልከፈልሁትን ማን ይከፍልልኛል? ሦስቱን ያለፈ ብልሃት ካለ፣ እርሱ ቀዳዳ ሳይሆን በር ነው፤ በሰላም ይውጣበት።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። በሚቀጥለው ዕረፍት ሄጄ ይህንኑ ነገርሁት። ወፍጮውን ከልብ ከሰጡኝ ትርፉም ኪሳራውም የእኔ ይሆናል፤ ስሜን ብቻ ከተዋሱ ግን ያ ቀዳዳ እንኳ አይደለም፤ ለሹም የሚነገር ሐሰት ነው፤ ፈርማው ደግሞ የእኔ ነው አልሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔ በሁለት ስም ብጽፍ ሐሰተኛ እባላለሁ፤ ያ ያልኸኝ ታላቅ ኩባንያ በየአገሩ በሺህ ስም ሲጽፍ ግን ብልህ ይባላል» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። እውነቱን ተናግሯልና። ያስተማረኝ ሰው ስሜን ለምኖኝ ስሜን ነፈግሁት፤ ለጥቂት ጊዜም ተቀይሞኝ ነበር። ኋላ ግን መዝገብ የሚይዝለት አንድ ወጣት ቀጠረ። ባለፈው ሳገኘው ከሁሉ ያስደነቀው ግብሩ አልነበረም፤ ወፍጮው በዓመት ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ማወቁ ነበር።

እኛ እዚህ የተቀመጥነው ነገ ሕግ አርቃቂ፣ ሒሳብ መርማሪ፣ ጠበቃና ነጋዴ የምንሆን ሰዎች ነን። ቀዳዳውን የሚፈልገውም የሚደፍነውም ከዚህ አዳራሽ ይወጣል። የተማርነው በእነዚያ ቀዳዳ በማያውቁት ሰዎች ግብር ነው። አጎቴ ያነሣውን ጥያቄ፣ ማለት ትንሹ የሚያፍርበትን ታላቁ ስለምን ይመሰገንበታል የሚለውን፣ ለእናንተ ለክርክር ትቼ እቀመጣለሁ።